የጀልባ መሪ መኪና ላይ? ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ድሬዳዋ ውስጥ ሹፌሮችና መካኒኮች እየተቀባበሉ ያነበቡት ጽሑፍ አለ። ምክሩ አጭር ነው። ፀሐይ የሰነጠቀውን የመኪናችሁን መሪ ጥላችሁ የጀልባ መሪ ግጠሙ ይላል። ጸሐፊው ምክንያቶቻቸውንም ደርድረዋል። አንደኛ፣ የመኪና መሪ ራሱ ከመርከብ የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ የጀልባው መሪ ከማይዝግ ብረት ስለሚሠራ የድሬ ፀሐይ አይበግረውም። ሦስተኛ፣ አነስ ስለሚል ለሹፌር ይመቻል። አራተኛ፣ ብረት የሚቀርጽ ደህና ቶርኖ ቤት በግማሽ ቀን ይገጥመዋል። አምስተኛ፣ አሮጌ መኪና ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋው ትራስ) ስለሌለው የሚጎድልበት ነገር የለም፤ አዲሱም ላይ ቢነቀል ጉዳት የለውም። በመጨረሻም የገጠሙ ሰዎች እየነዱ ነው፣ ምንም አልሆኑም ብለዋል።

ጽሑፉ ሲነበብ ይጥማል። ያሳሰበኝም ይኸው ነው። ጋራዥ ውስጥ ስለምሠራ ምክሩን አንብበው ዋጋ የሚጠይቁ ልጆች እኔም ጋ መጥተዋል። አንዳንዶቹ በዚያ መኪና ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት በየቀኑ የሚወጡና የሚወርዱ ናቸው። ሰው ጭነው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ጸሐፊውን አክብሬ፣ ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ግድ ሆነብኝ።

ከታሪኩ ልጀምር፤ እሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ክብ መሪ ከመኪና በፊት መርከብ ላይ ነበረ፤ ይህ እውነት ነው። ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 ባለ ሦስት ጎማ መኪናውን ሲያወጣ መሪው ክብ አልነበረም፤ በአጭር እጀታ ነበር የሚዞረው። ክብ መሪን መኪና ላይ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ አልፍሬድ ቫሽሮን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ከፓሪስ እስከ ሩዋን በተደረገው ውድድር ፓናር የሚባለውን መኪናውን በክብ መሪ ነዳ። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር አንጣላም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለውን ከ130 ዓመት በላይ መዝለላቸው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለቱ መሪዎች የየራሳቸውን መንገድ ሄደዋል።

ጀልባ ላይ መሪው ሲዞር ከኋላ ያለው መቅዘፊያ ወይም ሞተሩ ራሱ ይዞራል። ውሃው ያንን ይገፋል፤ የጀልባዋ ጭራ ወደ ውጭ ይወጣል፣ አፍንጫዋ ወደሚፈለገው ትዞራለች። ሞተሩ ካልገፋና ጀልባዋ ካልተንቀሳቀሰች መሪውን ቢያሽከረክሩት ብዙም ለውጥ የለም። ከዚህም ሌላ፣ በብዙ የሞተር ጀልባዎች ላይ የመሪው ማሽን የተሠራው ከውሃው የሚመጣው ግፊት ወደ ሹፌሩ እጅ እንዳይመለስ ተደርጎ ነው። መሪውን የተዉበት ቦታ ቁጭ ይላል።

መኪና ላይ ግን መንገዱ ወደ እጃችሁ ይመለሳል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ መሪው ይመታል። ኩርባ ጨርሳችሁ እጃችሁን ስታላሉ መሪው ራሱ በእጃችሁ ውስጥ እየሾለከ ወደ መሃል ይመለሳል። የፊት ጎማ አጣጣል ሆን ተብሎ እንዲያ ተስተካክሏል። ለዚህ ነው የመኪና መሪ ጠርዙ ለስላሳ፣ ዙሪያውም ምንም ያልወጣበት የሆነው። የመርከብን መሪ አስመስለው የሚሠሩት፣ ዙሪያውን እጀታ የወጣላቸው የእንጨት መሪዎች መኪና ላይ ሲገጠሙ እነዚያ እጀታዎች መሪው ሲመለስ ጣት ይመታሉ፣ እጅጌ ይይዛሉ። አውራ ጣት የሚሰበረው በእንዲህ ያለ ቅጽበት ነው።

ጸሐፊው ጀልባና መኪና በመሪ በኩል አንድ ናቸው ለማለት ከፈለጉ ጥሩ ምስክር አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጀርመን ውስጥ አምፊካር የሚባል መኪና ተሠርቶ ነበር። ውሃ ላይም ይሄዳል፣ አስፋልት ላይም ይሄዳል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ከኋላ ያሉት ሁለት ፕሮፔለሮች ይገፉታል፤ የሚመራው ግን በፊት ጎማዎቹ ነው። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው ይህ መኪና የተገጠመለት የመኪና መሪ ነው። ሠሪዎቹ ጀልባም ስለሆነ የጀልባ መሪ ይሁንለት አላሉም።

ወደ ፀሐዩ እንምጣ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሱት ችግር እውነተኛ ነው፤ ልክ ናቸው። ድሬ ላይ መኪና ከሰዓት በኋላ ሜዳ ላይ ቆሞ የዋለ እንደሆነ መሪው አይጨበጥም። ዓመታት ሲቆጠሩ ፕላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱም እጅ ላይ እየተጣበቀ ጥቁር ይለቃል። ይህን ችግር አዲስ አበባ ያለ ሰው እኛ የምናውቀውን ያህል አያውቀውም።

መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። የማይዝግ ብረት፣ እኛ ስቴንለስ የምንለው፣ አይዝግም ማለት አይግልም ማለት አይደለም። ብረትና ፕላስቲክ እኩል ግለው እጃችሁን ብታሳርፉባቸው የሚያቃጥላችሁ ብረቱ ነው። ሙቀቱን ወደ ቆዳ የሚያቀብልበት ፍጥነት ስለሚበልጥ ነው። ጀልባ ውሃ ላይ ናት፤ ነፋስ አላት፤ አብዛኛዋም ክፍት ናት። መኪና መስኮቱ ተዘግቶ ታይዋን ገበያ አጠገብ ቆሞ ሲውል ውስጡ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ባዶ ስቴንለስ መሪ በዚያ ሰዓት በጨርቅ ካልሆነ አይያዝም። ሹፌር ደግሞ ጠርዙን በጣቱ ጫፍ እየነካካ ከነዳ መኪናውን አልያዘውም ማለት ነው።

እጅ እንዳያቃጥሉ ተብለው የተሸፈኑ የጀልባ መሪዎች አሉ ይባል ይሆናል። አሉ። የተሸፈኑት ግን በምን ነው? ፖሊዩሪቴን በሚባል ፕላስቲክ ነው። የብዙ መኪኖች መሪ ጠርዝ የተሸፈነበትም እሱው ነው፤ የድሬ ፀሐይ ቆይቶ የሚሰነጥቀውም እሱኑ ነው። ታዲያ ምን አተረፍን?

ሦስተኛው የመጠኑ ጉዳይ ነው። የትንንሽ ሞተር ጀልባ መሪ በብዛት ስፋቱ 34 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ያለ ኃይል አጋዥ የሚዞር የአሮጌ መኪና መሪ ደግሞ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ይሆናል። ሰፊ የሆነው ለጌጥ አይደለም። እጅ ከመሃሉ በራቀ ቁጥር ለማዞር የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። ከ40 ወደ 34 ስትወርዱ ለዚያው ሥራ የምታወጡት ጉልበት ወደ 18 በመቶ ይጨምራል። ጸሐፊው ይመቻል ያሉት መቀመጫው ላይ ለመግባትና ለመውጣት ከሆነ እቀበላለሁ፤ ለሆድም ቦታ ይሰጣል። ለማዞር ግን ይከብዳል።

ሌላም ጎን አለው። እጃችሁ ጠርዙ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ ሰፊው መሪ ወደ 29 ዲግሪ ይዞራል፤ ጠባቡ ደግሞ ወደ 34 ዲግሪ። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሲዞር ከባድ፣ ሲፈጥን ደግሞ ቅብጥብጥ ይሆናል። እጃችሁ ለዓመታት የለመደው ልክ ይጠፋባችኋል።

ይህ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል። እዚሁ ከተማ ውስጥ ከሳቢያን ሰፈር ከዚራ ደርሶ የሚመለስ ሰው ልዩነቱ አይሰማው ይሆናል። ደንገጎ ላይ ግን ይታወቃል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፤ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ። በመሃሉ ያለው መንገድ ኩርባ በኩርባ ነው። ከላይ የጫነ አይሱዙ እየወረደ፣ ከታች ሚኒባስ እየወጣ፣ በግራ ገደል እያለ መሪውን በቶሎ አዙሮ በቶሎ መመለስ ያስፈልጋል። አንድ እጅ ማርሽ ላይ ሲሆን ሌላው ብቻውን ነው የሚያዞረው። በዚያ ሰዓት 18 በመቶ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ጸሐፊው የፔጆ 404 ባለቤቶችን ለይተው መምከራቸው ደግሞ ከሁሉ በላይ ቆጭቶኛል። ይህ መኪና ለኛና ለሐረር ምን እንደሆነ ማንም የሚያውቀው ነው። ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ በታክሲነት ሐረርን ለስንት ዘመን አገልግሏል። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊን እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ያንን ሁሉ ጭቃና ኮረት ያለፈው ከራሱ መሪ ጋር ነው። 404 ላይ ማርሹ ከመሪው ሥር የሚወጣ ዘንግ ነው። ሹፌሩ ጠርዙን እንደያዘ ጣቱን ዘርግቶ እንዲደርስበት ተለክቶ ተቀምጧል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ሲገባ ያ ልክ ይፈርሳል። እጅ ማርሹን ፍለጋ ከመሪው ይርቃል፤ በጨለማ ደግሞ ዓይንም አብሮ ይወርዳል።

አሁን ወደ ቶርኖ ቤቱ ልሂድ። እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጸሐፊው የባለሙያዎቻችንን ስም አንስተው ነው የተከራከሩት። ድሬ የባቡር ልጅ ናት። የሽመንደፈር፣ ማለትም የባቡሩ፣ ወርክሾፕ ስንት ቶርኒተርና በያጅ እንዳፈራ አገር ያውቃል። እጃቸው ወርቅ ነው፤ በዚህ ማንም አይከራከረኝም። ቢሆንም ጥሩ እጅ የማይመጥኑ ሁለት ነገሮችን መጣኝ አያደርጋቸውም።

የጀልባ መሪ አንሱና እምብርቱን ገልብጣችሁ እዩት። መሃሉ ላይ ያለው ቀዳዳ ልሙጥ ነው፤ ከአንድ ወገን ሰፋ፣ ከሌላው ጠበብ ይላል። በአንድ ጎኑ ቀጭን ቦይ ተቆርጦለታል። በትንንሽ ጀልባዎች የተለመደው ዘንግ ወፍራሙ ጫፍ 19 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ቦይዋ ውስጥ ትንሽ የብረት ሽብልቅ ትገባለች፤ ከላይ አንድ ዳዶ ያጠብቀዋል። አበቃ።

አሁን የመኪናችሁን መሪ ፈትታችሁ እዩ። የክላክሱን ክዳን ስታነሱ ከሥሩ ዳዶ አለ። ዳዶውን ስትፈቱና መሪውን ስታወጡ የዘንጉ ጫፍ ዙሪያውን በደቃቅ ጥርሶች የተሞላ ነው። የመሪው ቀዳዳም ውስጡ እንደዚያው ጥርስ ነው፤ ጥርስ ከጥርስ ተናክሶ ይቀመጣል። የጥርሱ ብዛትና ውፍረት ከመኪና መኪና ይለያያል፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ጭነቱን የሚሸከሙት እነዚያ ሁሉ ጥርሶች ተካፍለው ነው። ሹፌሩ በጉልበት ሲያዞር አንዱ ብቻ አይሠቃይም።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማገናኘት የሚደረገው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ የድሮው መሪ እምብርት ይቆረጥና ጥርስ ያለው ክፍል ይተርፋል። ከዚያ የጀልባው መሪ እምብርት እሱ ላይ ይበየዳል። አንዱ ስቴንለስ ነው፣ ሌላው ተራ ብረት ነው። ስቴንለስን ከተራ ብረት ጋር ለመበየድ ለዚያው ተብሎ የተሠራ ኤሌክትሮድ አለ። ቤት ውስጥ ለበርና ለመስኮት የምንበይድበት ተራው ኤሌክትሮድ ከገባ ብየዳው ከላይ ሲታይ ያምራል፣ ውስጡ ግን እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባሪ ይሆናል። ጫና ሲበዛበት አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። አንዳንድ መሪ ደግሞ እምብርቱ አሉሚኒየም ነው፤ እሱንና ብረትን በተራ ብየዳ ማጣመር ጭራሽ አይሆንም።

የሚያስፈራኝ ነገር ይህ ስንጥቅ ከክላክሱ ክዳን ሥር መሆኑ ነው። አይታይም። መሪ በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ወደ ግራና ቀኝ እንደሚጠመዘዝ አስቡት። ስንጥቁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሄደ አንድ ቀን ያልቃል። የሚያልቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ መሪው በጣም በተጠመዘዘበት ሰዓት፣ ማለትም ኩርባ ላይ ነው። ሹፌሩ እጅ ላይ መሪው ይቀራል፣ ጎማዎቹ ግን ወደፈለጉበት ይሄዳሉ።

ደህና፣ ብየዳው የአዋቂ ነው እንበል። ኤሌክትሮዱም ትክክለኛው ነው። ስንጥቅም የለውም። ያኔስ? ያኔም አይሆንም የምለው ለምን እንደሆነ ነው ዋናው ጉዳይ።

ጀልባ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ቆሞ ነው የሚነዳው። ማዕበል ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። በዚያን ጊዜ የሚይዘው መሪውን ነው። ስለዚህ የጀልባ መሪ የሰውን ክብደት እንዲሸከም፣ ሲጎተትና ሲገፋ እንዳይታጠፍ ተደርጎ ይሠራል። ጠንካራነቱ እዚያ ሙያው ነው።

የመኪና መሪ ሙያ የዚህ ተቃራኒ ነው። በደህናው ቀን አጥብቆ ይይዛል፤ በግጭት ቀን እጅ መስጠት አለበት። መኪና ከፊት ሲጋጭ የሹፌሩ ደረት ወደ መሪው ይሄዳል። የመኪናው አፍንጫ ሲጨማደድ ደግሞ የመሪው ዘንግ ወደ ሹፌሩ ይገፋል። ሁለቱ መሃል መንገድ ላይ ይገናኛሉ። በድሮ ጊዜ ብዙ ሹፌር የሞተው በዚህ ነው፤ ደረቱ በመሪው ዘንግ ተወግቶ።

መሐንዲሶቹ ይህን አይተው ነው መሪውን እንደገና የሠሩት። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣው መኪና የመሪውን እምብርት ሰፊና ለስላሳ ትራስ አለበሰው። ጄኔራል ሞተርስ በ1967 ሞዴሎቹ ላይ በግጭት ጊዜ የሚጨማደድ፣ ግድግዳው የተበሳሳ ቱቦ ያለው የመሪ ዘንግ አስገባ። አሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለት ደንቦች ሥራ ላይ አዋለች፤ ቁጥራቸው 203 እና 204 ነው። በመጀመሪያው የሰው ደረት ቅርጽ ያለው ነገር በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪው ላይ ሲወረወር ደረቱ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ11,120 ኒውተን ማለፍ የለበትም። ይህ ከ1,100 ኪሎ በላይ ክብደት የሚያሳርፈው ጫና ነው፤ ከዚያ በላይ ይበዛል ተባለ ማለት ነው። በሁለተኛው መኪናው በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር ግድግዳ ሲመታ የመሪው ዘንግ ወደ ሹፌሩ ከ127 ሚሊ ሜትር በላይ መምጣት የለበትም። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 12ም በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡ መሪዎች የተሠሩት እንዲህ ያሉ ፈተናዎችን ለማለፍ ነው። ጠርዙ ይታጠፋል፤ ክንዶቹ ይታጠፋሉ፤ ዘንጉ ይጨማደዳል። ሦስቱም ተራ በተራ ግጭቱን ከደረታችሁ ላይ ይቀንሳሉ።

አሁን በዚያ ዘንግ ጫፍ ላይ የማይታጠፍ የስቴንለስ መሪ ግጠሙ። ጠርዙ አይታጠፍም። ክንዶቹ አይታጠፉም። እምብርቱ ትንሽ ነው፣ ከመሃሉም ዳዶ ወጥቷል። ሌላው ሁሉ ካልሰጠ የሚሰጠው የጎድን አጥንት ነው።

ጸሐፊው አሮጌ መኪና የሚጨማደድ ዘንግ ስለሌለው የሚጎድልበት የለም የሚሉ ይመስላል። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። ዘንጉ የማይሰጥ ከሆነ በዚያ መኪና ውስጥ ሊሰጥ የሚችለው ነገር መሪው ራሱ ብቻ ነው። ቀጭን ጠርዙና ጎድጎድ ያለው ቅርጹ ትንሽም ቢሆን ይታጠፍ ነበር። ያንን አንስቶ ድርቅ ያለ መሪ ማስገባት ድሀው መኪና የነበረውን አንድ መከላከያ መንጠቅ ነው።

ኤርባግ ያላቸው መኪኖች ላይ ነገሩ ይብሳል። ቪትዝ ወይም ኮሮላ የሚነዳ ሰው መሪውን ሲያወጣ የሚያወጣው መሪ ብቻ አይደለም። ኤርባጉ ከእምብርቱ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ግጭት ሲሆን በ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይነፋል፤ ከሹፌሩ ፊትና ደረት ቀድሞ ይደርሳል። የጀልባ መሪ ለዚህ ቦታ የለውም። ክላክሱም የሚሠራው ከመሪው ሥር ባለው የተጠቀለለ ሽቦ በኩል ስለሆነ አብሮ ይጠፋል፤ ድሬ ላይ ደግሞ ያለ ክላክስ መንዳት ምን እንደሆነ ሹፌር ያውቃል። ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ ቀይ መብራት ይበራል። እሱን ለማጥፋት የሚደረገውን ማታለያ አልጽፍም፤ መብራቱ ቢጠፋም ኤርባጉ የለም። በብዙ መኪኖች ሲስተሙ አንድ ጉድለት ሲያይ ሌላውንም ያቋርጣል፤ ቀበቶውን በግጭት ጊዜ ጨምድዶ የሚያጠብቀው መሣሪያም አብሮ ሊቆም ይችላል።

ያልፈነዳ ኤርባግን ነቅሎ ጥግ ላይ መጣልም አደጋ አለው። ውስጡ ተቀጣጣይ ነገር አለ። ባትሪው ሳይነቀል፣ ነቅሎም ደቂቃዎች ሳይጠበቅ የሚነካካ ሰው ፊቱ ላይ ሊፈነዳበት ይችላል። ይህን በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ብሎ ለወጣት መካኒክ መምከር አቦ፣ ልክ አይደለም።

የገጠሙ ሰዎች ምንም አልሆኑም ለሚለው ብዙ የምለው የለኝም። አልተጋጩማ። መሪ ለደረት ያለው ዋጋ የሚታወቀው በአንድ ቅጽበት ነው፤ ያ ቅጽበት ያልመጣባቸው ሰዎች ስለሱ ምስክር መሆን አይችሉም። ብየዳውም እስኪሰበር ድረስ ደህና ነው። ደግሞስ ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ ማን ጠየቀው? ለሐረር መቀመጫ ከፍሎ የገባ ሰው ሹፌሩ መሪ ላይ ምን እንደበየደ አያውቅም።

የቀረው የፀሐዩ ችግር ነው፤ እሱን እንዲያው አልተወውም። ርካሹ መከላከያ ከፊት መስተዋት ጀርባ የሚዘረጋ ጥላ ነው። ካርቶንም ይሠራል። መኪና ስታቆሙ መሪውን ግማሽ ዙር አዙራችሁ ብታቆሙት ስትመለሱ የምትይዙት ጠርዝ ፀሐይ ያልመታው ይሆናል፤ ስትነሱ መመለሱን አትርሱ። መሪው ትንሽ ከተሰነጠቀ በቆዳ ማስሰፋት ይቻላል። ድሬ ውስጥ መቀመጫ የሚያለብሱ ባለሙያዎች ይህን በደንብ ይሠሩታል፤ በመርፌና ክር ጠርዙ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ሲሰፋ እጅ አያንሸራትትም። ገበያ ላይ ያለውን የሚንሸራተት ሽፋን ግን አልመክርም፤ ኩርባ ላይ ሽፋኑ ይዞርና መሪው ይቀራል። ጨርሶ የተበላሸ ከሆነ ከዚያው ዓይነትና ሞዴል የወጣ ያገለገለ መሪ ፈልጉ። ለ404 ዕቃ ማግኘት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ከቆመ መኪና ላይ የወጣ ይገኛል። ጥርሱ ራሱ ይገባል፣ ብየዳ አይፈልግም።

አስቀድማችሁ የገጠማችሁም ትኖራላችሁ። ነገ ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። መኪናው ቆሞ ጠርዙን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡት፣ ግፉት፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ትንሽም ቢሆን ከተንቀጫቀጨ አትንዱት። ከዚያ የመሃሉን ክዳን አንሱና ብየዳውን በጨርቅ ጠርጋችሁ በእጅ ባትሪ እዩት። ቀጭን መስመር ወይም ከብየዳው ጎን የወጣ የዝገት ዱቄት ካያችሁ ስንጥቅ ነው። ምንም ባይታይም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ግን ጋራዥ ድረስ ቀስ ብላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። የድሮውን መሪ ካልጣላችሁት ይዛችሁ ሂዱ። ሲገጠም ጎማዎቹ ቀጥ ብለው መሪውም ቀጥ ማለቱን፣ ዳዶውም በአምራቹ ልክ መጥበቁን ቆማችሁ እዩ። ኤርባግ ያለው ከሆነ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ስጡ፤ ባትሪው መነቀሉን ራሳችሁ አረጋግጡ። ይህ እስኪሆን ድረስ ደንገጎን አትውረዱ።